ኃይለመስቀል የሠራው ከርነል

መስከረም 11 ቀን 1982፣ መሐል ሜዳ

ዲስኩ ዛሬ ደረሰ። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣው። ሲያስረክበኝ "ሕፃን ይዤ የመጣሁ ነው የመሰለኝ" አለኝ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ተገኘ ፈረሙና ወደ እኔ ዞረው "በይ እንግዲህ አመተሥላሴ፣ ከዚህ በኋላ ነገሩ ያንቺ ነው" አሉኝ።

ውስጡ ያለው የሁለት ዓመት ልፋት ነው። የውጭ አገር አጥኚዎቹ ከቀየት እስከ ግሼ አፋፍ መሬቱን በኤሌክትሪክ እየለኩ ውኃ የት የት እንዳለ የመዘገቡት ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ጸጥታው ሲደፈርስ ወደ አገራቸው ገብተዋል። የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና ኅዳር ላይ ይመጣል ተብሏል። የት እንደሚቆፍር የሚነግረው ይህ ዲስክ ነው።

ከሰዓት በኋላ የጄነሬተር ሠራተኛችን ወሰኔ ጄነሬተሩን አስነሳልኝና ከኮምፒውተሩ ጋር ገጠምኩት። ማሽኑ ዲስክ መኖሩን አወቀ። ክፈተው ስለው ግን የማላውቀው ዓይነት ነው ብሎ መለሰልኝ። ደጋግሜ አዘዝኩት። ያው ነው።

ምናልባት ኬብሉ ይሆናል። ነገ አየዋለሁ።

መስከረም 14

ኬብሉ አይደለም።

መስከረም 16

ወሰኔ ችግሩ አቧራ ነው ብሎ በጎማ መንፊያ ሊያጸዳልኝ መጣ። አልከለከልኩትም፤ ከእሱ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። እየነፋ "ኃይሌ ቢኖር እኮ…" አለ። "በዚያ በኩልም ንፋ" አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ግን ኃይለመስቀል ቢኖር ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማሽኑን ከሣጥኑ አውጥቶ ያቆመው እሱ ነው፤ ዩኒክስ የሚባለውን የማሽኑን ሥርዓት የጫነው እሱ ነው። እኔ አዲስ አበባ የተማርኩት መጠቀሙን እንጂ መሥራቱን አይደለም። ሰኔ ላይ የሬዲዮ ቴክኒሺያን ይፈለጋል ብለው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲወስዱት ለሦስት ወር ነው አሉ። ሦስት ወሩ አልፏል። ደብዳቤም የለም።

የምፈልገው ለሥራው ነው። ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን የሚያውቀው እሱ ነው። በቃ።

መስከረም 20

ቢሮውን የምታጸዳልን ጌታነሽ ለመስቀል አገሯ ሄዳ ተመለሰች። ቤተሰቦቿ በቀየት በኩል አፋፉ ላይ ናቸው። ውኃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ነው።

"ዲስክ የምትሉት ነገር መጣ አሉ?" አለችኝ መጥረጊያዋን ደገፍ ብላ።

"መጥቷል።"

"ታዲያ ውኃው የት ነው ይላል?"

"እስካሁን አልተናገረም።"

"ሰው ነው እንዴ የሚለመነው?" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። "እናቴ ዘንድሮ ገደሉን መውጣት አቃታት። ታናሽ እህቴ ናት አሁን እንስራውን የምታዝለው። ገና ልጅ ናት። ቶሎ በሉልኝ እባክሽ።"

ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። የማደርገው ስላጣሁ ያንኑ ትእዛዝ ደጋግሜ ጻፍኩ።

መስከረም 28

ገባኝ። ዲስኩ ደህና ነው። ኬብሉም ደህና ነው። ጎዶሎው ከርነሉ ነው።

አቶ ተገኘ ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

"ከርነል ማለት ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃው ዋናው ፕሮግራም ነው። ሌላውን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው" አልኳቸው። "ዲስክ ላይ ጽሑፍ የሚደረደርበት መንገድ ደግሞ አለ፤ ፋይል ሲስተም ይባላል፤ ከማሽን ማሽን ይለያያል። አጥኚዎቹ የጻፉት በአዲስ አበባው አሮጌ ማሽን አደራደር ነው። የእኛ ከርነል ያንን የሚያነብበት ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አልተጨመረበትም።"

"ታዲያ ይጨመርበታ።"

"ይጨመራል። ግን ከርነሉ እንደገና መሠራት አለበት።"

"ማነው የሠራው?"

"ኃይለመስቀል።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ያለነውኮ እኔና አንቺ ነን" አሉኝ ቀስ ብለው።

ማታ ነው የምጽፈው፤ ኩራዙ ይጨሳል። አምና በግንቦት ከርነሉን ሲሠራ ጎኑ ተቀምጬ ነበር። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ከመመሪያው አነብለታለሁ። የማሽኑ ሜሞሪ ትንሽ ስለሆነ የማያስፈልገውን ሁሉ እያስወጣ ነበር። ይኸኛው ድራይቨር ላይ ሲደርስ "ያረጀ ዲስክ ደግሞ ማን ያመጣብናል?" ብሎ ሳቀ። ውጭ ይዘንብ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ ስላቃተን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። እጅጌው ክንዴን ነካኝ። እስከ ማታ አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁም።

ይህን ለምን እንደምጽፈው እንጃ። ለከርነሉ የሚረባ ነገር የለበትም።

ጥቅምት 4

አቶ ተገኘ በሬዲዮ አዲስ አበባን ጠየቁ። አሮጌው ማሽን ተበላሽቶ ተጥሏል። ያ ዲስክ ሌላ ግልባጭ የለውም።

ጥቅምት 7

ዛሬ ልክ ነኝ ብዬ ነበር። ከርነሉ ውስጥ የሚገቡትን ድራይቨሮች የሚወስነውን ፋይል አገኘሁት። በእያንዳንዱ ስም ጎን አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ "ኤን" ከሆነ ይቅር፣ "ዋይ" ከሆነ ይግባ ማለት ነው። የምንፈልገው ድራይቨር ጎን "ኤን" ተጽፏል። "ዋይ" አደረግኩት። ወሰኔና ጌታነሽ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

ከርነሉን ግጠም ብዬ አዘዝኩት። ትንሽ ሄደና ቆመ። ድራይቨሩ ራሱ የለም አለኝ።

ኃይለመስቀል ቦታ ለመቆጠብ አጥፍቶታል። እሱ ሥራ ሲሠራ ጠርጎ ነው የሚሠራው። ዋናው ግን ዩኒክሱ ከመጣባቸው ትንንሽ ዲስኮች፣ ከዲስኬቶቹ ላይ ይኖራል። ካቢኔቱን፣ መሳቢያውን፣ መጋዘኑን ፈተሽን። ዲስኬቶቹ የሉም።

ለምን አልጠየቅሁትም? አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ነገር ልጠይቀው ስችል።

ጥቅምት 9

ሻይ ቤት ሁለት ከግንባር በፈቃድ የመጡ ሰዎች ከጎኔ ተቀምጠው ነበር።

"የሬዲዮ ክፍሉ በሙሉ እዚያው ቀረ" አለ አንዱ።

"ተማርከው ነው?"

"እኔ ምኑን አውቄ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም።"

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ሬዲዮ ክፍል ብዙ ነው። ሰሜን ሰፊ አገር ነው።

ጥቅምት 12

ወሰኔ ዛሬ ትዝ አለው። ኃይለመስቀል ሊሄድ ሲል ዕቃውን ሁሉ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ከትቶ ሞላሌ፣ እናቱ ቤት አድርሶለታል። "ዲስኬቶቹን እዚህ አይጥ ይበላብናል ሲል ሰምቼዋለሁ" አለኝ። ይህን እስከዛሬ አለመናገሩ! ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። እኔም እናት እንዳለችው ባውቅም ሞላሌን ሸሽቼው ነበር።

ጥቅምት 15

ሞላሌ ሄጄ ተመለስኩ። ባዶ እጄን።

እናቱ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ይባላሉ። ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፣ ሞተዋል። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ነው። ከሱፍ የተሠራ ባና ለብሰው በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"ማን ልበል?" አሉኝ።

"አመተሥላሴ እባላለሁ። ከኃይለመስቀል ጋር ነው የምሠራው።"

ብድግ አሉ። ባናው ከትከሻቸው ወደቀ። "መጣ?"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስናገር ይህ አልታሰበኝም። "አይ እማማ፣ ወሬውን የያዝኩ አይደለሁም። ለሥራ ጉዳይ ነው" አልኳቸው። ባናውን አንስቼ አለበስኳቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ቆሎ አቀረቡልኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው አቋርጠው ሳይጠይቁኝ ሰሙኝ። ሣጥኑ ከመደቡ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል።

"አይከፈትም ልጄ" አሉ።

"አንድ ዕቃ ብቻ ነው እማማ። ወዲያው ልመልሰው እችላለሁ።"

"የቆለፈው እሱ ነው፤ የሚከፍተው እሱ ነው። ሰው እየመጣ የሚከፍተው የሟች ሣጥን ነው። የእኔ ልጅ አልሞተም።"

ጠላዬን ጨርሼ ተነሳሁ። ሊሸኙኝ ወጥተው "መልኩ እንዴት ነበር፣ ሲሄድ?" ብለው ጠየቁኝ። ከስቶ ነበር። "ደህና ነበር፣ ወፍሮ ነበር" አልኳቸው።

ጥቅምት 16

አቶ ተገኘ ቀበሌውን ይዘን ሄደን እናስከፍተው አሉ። አይሆንም አልኳቸው። እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ጥቅምት 23

የጌታነሽ ታናሽ እህት ከገደሉ መውጫ ላይ ከነእንስራዋ ወደቀች። ጭኗ ተሰብሯል። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አመጧት፤ ከሰዓት በኋላ አይቻት መጣሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አይሞላትም። አላለቀሰችም። እንስራው ተሰብሮ እንደሆነ ብቻ ነው ደጋግማ የምትጠይቀው።

ጌታነሽ ዛሬ አላናገረችኝም። ወለሉን እየጠረገች የማሽኑ ክፍል ስትደርስ ዘላው አለፈች።

ከአዲስ አበባ መልእክት ደርሷል፤ የሚቆፈሩት ቦታዎች እስከ ኅዳር 10 ካልታወቁ መኪናው ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል።

ጥቅምት 26፣ ሞላሌ አድሬ በማግስቱ የጻፍኩት

ትናንት ቅዳሜ ስለነበረ ፈቃድ አልጠየቅሁም። ማለዳ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ቤት አልነበሩም። ጎረቤት "ገብስ እያጨዱ ናቸው" አለችኝ። ማሳቸው ከቤቱ ጀርባ ነው። ብቻቸውን ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። ሲያዩኝ ማጭዱን አላስቀመጡም፤ እኔም ስለ ሣጥኑ አላነሳሁም። የታጨደውን እየሰበሰብኩ ነዶ ማሰር ጀመርኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ አስተሳሰሬን እያዩ ሁለት ጊዜ ፈትተው እንደገና አሳዩኝ። ውርጩ ጠዋት ላይ ጣቴን አደነዘዘው፣ ከዚያ ገለባው ሰነጠቀው።

ሲመሽ እሳት ዳር እጄን ቅቤ ቀቡኝ።

"ውኃው ለማን ነው ያልሽኝ?" አሉ ሳልጠብቅ።

ስለ ጌታነሽ እህት ነገርኳቸው። ስለ ጭኗ፣ ስለ እንስራው። ማንም ሰው ቢነግራቸው የሚሰሙትን ነው የነገርኳቸው፤ አላጋነንኩም።

"ልጄ ይህን ሥራ ያውቀዋል?"

"የጀመረው እሱ ነው እማማ። እኔ ከእሱ ያየሁትን ነው የምሠራው።"

እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ከአንገታቸው ማተብ ጋር የታሰረ ቁልፍ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ሙቀታቸው ነበረበት።

"አንቺ ክፈቺው። የእኔ እጅ አይችልም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዲስኬቶቹ ከላይ ናቸው፤ በላስቲክ ጠቅልሏቸዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ በእጁ ጽፎባቸዋል፤ ቁጥር ሲጽፍ ሰባትን መሐሏን ይሰርዛታል። ከእነሱ ሥር ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ብየዳ መሥሪያ፣ የሬዲዮ ስብርባሪ። ሌላ ዲስኬት ይኖር እንደሆነ ብዬ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ኪሶቹንም አየሁ። የሣጥኑ መጨረሻ ድረስ አየሁ። ሌላ ምንም አልነበረም።

"ሸሚዙን አምጪው" አሉ ሳይዞሩ። ሰጠኋቸው። ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉልኝ። "የእኔ አፍንጫ አርጅቷል። ሽታው አለ?"

አሸተትኩት። ናፍታሊን ብቻ ነው የሸተተኝ።

"አለ እማማ" አልኳቸው።

ሸሚዙን ከእጄ ሲወስዱ ፊቴን ያዩኝ ነበር። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሌሊቱን ከእሳቸው ጋር በአንድ ባና ተኛሁ።

ጥቅምት 29

የምፈልገው ድራይቨር ያለበት ዲስኬት አልነበብ አለ። የቀሩት ሁሉ ይነበባሉ፣ እሱ ብቻ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ መቁጠር ተውኩ። ማሽኑ እየጮኸ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል።

ሻይ ቤት የሰማሁት ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ሰሜን ሰፊ አገር ነው።

ጥቅምት 30

ተነበበ!

ጠዋት ክፍሉ እንደ በረዶ ነው። ወሰኔ "ሞተር እንኳ ሳይሞቅ አይሠራም" ሲል ሰማሁትና ማሽኑን እስከ ቀትር አብርቼ ተውኩት፣ ዲስኬቱንም ደረቴ ውስጥ አድርጌ ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሞከርኩ። ማሽኑ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም ብሎ አነበበው። ድራይቨሩን ገለበጥኩት።

ኅዳር 2

አዲሱ ከርነል ተገጠመ። የድሮውን በሌላ ስም አስቀመጥኩ፤ አዲሱ ካልሠራ መመለሻ ይሆናል። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት።

ጥቂት መስመር ጻፈና ድርቅ ብሎ ቀረ። ሜሞሪው አልበቃውም።

አቶ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ሞተ?" አሉኝ። አልሞተም። በድሮው ከርነል አስነሳሁት፤ እንደ ምንጊዜው ተነሳ።

ቦታ የሚለቅልኝን ነገር መፈለግ አለብኝ። ከርነሉ ለራሱ ብዙ ሜሞሪ እንዲይዝ ኃይለመስቀል የሰጠው ቁጥር አለ። ማሽኑ ፈጣን እንዲሆንልኝ ብሎ ነው ከፍ ያደረገው፤ "አንቺ መጠበቅ አትወጂም" ብሎ። ያንን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው ያለብኝ። ቀላል ነገር ነው። ግን ዛሬ አልቻልኩም፤ ነገ።

ኅዳር 3

ዝቅ አደረግኩት።

ኅዳር 4

ተነሳ። ቀስ ይላል፤ በጣም ቀስ ይላል። ግን ተነሳ። ዲስኩን ክፈት አልኩት። ለአፍታ ምንም አላለም። ከዚያ የፋይሎቹን ስም በተርታ ዘረዘረልኝ። ቀየት። ግሼ። ሌላም ሌላም።

ጌታነሽን ጠራኋት። የመንደሯ ስም የተጻፈበትን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ጣቴን ተከትላ ስክሪኑን ነካችውና ጣቷን ሳመችው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እሷ በምን እንዳለቀሰች አውቃለሁ።

ኅዳር 6

ነጥቦቹን በሬዲዮ አስተላለፍን። አቶ ተገኘ ደስ ብሏቸዋል። "አሁን ያንን የድሮውን ከርነል አጥፊው፤ የማሽኑ ዲስክ ጠቧል አላልሽም?" አሉኝ። ለጥንቃቄ ይቀመጥ አልኳቸው። አንድ ነገር ቢበላሽ መመለሻ ያስፈልጋል። መመሪያውም ይህንኑ ይመክራል።

ኅዳር 15

ቆፋሪው መኪና ገባ። ሠራተኞቹ ፈርተዋል፤ ግንባሩ እየቀረበ ነው ይባላል። ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቆፍረን እንመለሳለን አሉ፤ አንዱ በጌታነሽ መንደር በኩል ነው።

ኅዳር 19

የመጀመሪያው ደረቅ ሆነ። እስከ መጨረሻው ቆፈሩት፤ የወጣው ዐመድ የመሰለ ዱቄት ነው። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው "ያ የቢሮው ሣጥን ዋሽቷል" ሲሉ ሰማሁ።

ኅዳር 20

ቁጥሮቹን እንደገና አየሁ። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ አጥኚዎቹ ራሳቸው አጠራጣሪ ነው ብለው ጽፈዋል። ለመኪናው መንገድ ይቀርባል ተብሎ ነው እዚያ የተቆፈረው። ሁለተኛው ግን አያጠራጥርም። የቆፋሪዎቹን አለቃ ለመንኩት። "እህቴ፣ እኛም እናት አለን። ነገ እንሄዳለን" አለኝ። ጌታነሽ ጣልቃ ገባች። እህቷን በቃሬዛ እንዳመጧት ነገረችው፤ መንገዱንም በእግሩ ሄዶ እንዲያየው ጠየቀችው። አብሯት ወርዶ መጣ። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። ማንንም ሳያይ "መኪናውን አዙሩት" አለ።

ኅዳር 22

ውኃ ወጣ።

መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ደፍራሽ፣ ከዚያ የጠራ። እልልታው ገደሉ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ መጣ። የጌታነሽ እናት በሁለት እጃቸው ዘግነው ራሴ ላይ አፈሰሱብኝ። በረዶ ነው። በሰው መሐል ቆሜ ዞር ብዬ አንድ ሰው ፈለግሁ፤ ልነግረው። ከዚያ እንደሌለ ትዝ አለኝ።

ታኅሣሥ 8

ቢሮው እንዲዘጋ ትእዛዝ መጣ። ማሽኑም ሠራተኛውም ወደ አዲስ አበባ። ወሰኔና ጌታነሽ አገራቸው ነው፣ ይቀራሉ።

ታኅሣሥ 10፣ ደብረ ብርሃን

ማሽኑን በባና ጠቅልለን ጫንን። ሞላሌ ላይ ሾፌሩን አስቆምኩት። "ሩብ ሰዓት" አለኝ፤ መንገዱ ያስፈራዋል።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም እህል እያበጠሩ ነበር። ውኃው መውጣቱን ነገርኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ሰፌዱን አስቀመጡ። ቁልፉን ከአንገታቸው ላይ አየሁት።

"እማማ፣ ይምጡ አብረን እንሂድ። ቦታ አለ። ጦርነቱ እየመጣ ነው ይላሉ።"

"እሱ ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ ያግኘው?" አሉኝ። ክርክር የለውም። "ይልቅ ሲመጣ አንቺን የት ይፈልግሽ?"

የምጽፍበት ወረቀት ከቦርሳዬ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። "ወረቀት አይሆነኝም። ንገሪኝ። መሪጌታ ተማሪ ሲያስጠኑ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ አንዴ የያዝኩት አይጠፋብኝም።"

"ጉለሌ" አልኳቸው።

"ጉለሌ።"

"ከፍተኛ ዘጠኝ።"

"ጉለሌ፣ ከፍተኛ ዘጠኝ።"

"ቀበሌ ዐሥራ አንድ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር።"

ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማ እየወረዱ አሉት። አንድ ጊዜ ቀበሌ ዐሥራ ሁለት አሉና ራሳቸው አረሙት። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

"አመተሥላሴ የምትባል ልጅ ያለችው እዚህ ነው እለዋለሁ" አሉ። "ግን ምን ትፈልጋለች ቢለኝስ?"

ሥራ ልል ነበር። ከርነል፣ ዲስኬት፣ እንዲያ ያለ ነገር ልል ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኝ ነበር፤ ሸሚዙን ባሸተትኩ ቀን እንዳዩኝ።

"ና ብላሃለች በሉት" አልኳቸው።

"እሱን ነው ከአፍሽ የምጠብቀው የነበረው" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።

መኪናው ሲነሳ ጭነቱ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ አየኋቸው። አጥሩ ጋ ቆመዋል። አልተሰናበቱኝም፤ እጃቸውንም አላነሱም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድምፃቸው አይደርሰኝም፤ የሚሉትን ግን ከእሳቸው ጋር እኩል እል ነበር፦ ጉለሌ፣ ከፍተኛ ዘጠኝ፣ ቀበሌ ዐሥራ አንድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር፤ ና ብላሃለች።